ሆስፒታል ተኝቶ ቆዳ ሲታመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሆስፒታል የተኛ ሰው የቆዳ ነገር ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይላል። ልብ፣ ሳንባና ኩላሊት ይቀድማሉ፤ "ሽፍታው ይደርሳል" ይባላል። ይህ አካሄድ እየተቀየረ ነው። ከዚህ በታች ታካሚዎችና አስታማሚዎች አዘውትረው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስበናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተኛሁት ለሌላ በሽታ ነው። የቆዳ ሐኪም ለምን ይመጣል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው እዚያው ዋርድ ውስጥ በተፈጠረ ነገር ነው። አዲስ መድኃኒት ይጀመራል፣ ሰውነት ሽፍ ይላል። ወይም የቆየ ችፌ ሌላ ህመም ሲደረብበት ይብሳል። አንዳንዴ ደግሞ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች የትኩሳቱ ምንጭ ይጠፋባቸውና ቆዳው ላይ ፍንጭ ፍለጋ ይጠሩታል።

ድሮ የቆዳ ሐኪም ቦታው ተመላላሽ ክፍል ነበር። ዋርድ ብቅ የሚለው የቀኑን ሥራ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ያውም ከመጣ። አሁን በትልልቅ ሆስፒታሎች ዋና ሥራቸው የተኙ ታካሚዎችን ማየት የሆነ የቆዳ ሐኪሞች አሉ። አሜሪካ ውስጥ በ2009 የራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል። በ2020 ደግሞ ቆዳቸው ለሚላጥባቸው ከባድ ታካሚዎች የእንክብካቤ መመሪያ አውጥተዋል። እሱን ዝቅ ብለን እናነሳዋለን።

ከአዲሶቹ ነገሮች ትልቁ የትኛው ነው?

እኔን ከጠየቃችሁኝ መድኃኒት አይደለም። በጊዜ መታየት ነው። አዳዲስ መርፌዎች አሉ፣ ጥሩም ናቸው። ግን የበሽታው ትክክለኛ ስም በሁለተኛው ቀን ሲታወቅና በአሥረኛው ቀን ሲታወቅ የታካሚው ዕጣ አንድ አይሆንም። የሚቀጥለው ጥያቄ ይህን በደንብ ያሳያል።

እግሬ ቀልቶ አበጠ። "ሴሉላይተስ ነው" ብለው በአንቲባዮቲክ አስተኙኝ። እርግጠኛ መሆን ይቻላል?

ሴሉላይተስ የቆዳና ከሥሩ ያለው ሥጋ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው። ችግሩ የሚመስሉት በሽታዎች መብዛታቸው ነው። በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የታችኛው እግር ሴሉላይተስ ተብለው ከድንገተኛ ክፍል ወደ ዋርድ የገቡ 259 ሰዎችን ተመለከተ። ከእነሱ 79ኙ፣ ማለትም ከመቶ 30 የሚሆኑት፣ በሽታቸው ሌላ ነበር። ብዙዎቹ መተኛትም አንቲባዮቲክም አያስፈልጋቸውም ነበር።

ዋናው አሳሳች የደም መልስ ችግር ነው። የእግር ደም ሥሮች ደሙን ወደ ላይ መግፋት ሲያቅታቸው ፈሳሽ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይጠራቀማል። ቆዳው ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ያሳክካል፣ ይፈረፈራል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እግር ላይ ነው። እውነተኛ ሴሉላይተስ ደግሞ ሁለት እግር እኩል መያዙ እጅግ ብርቅ ነው። ሁለቱም እግር በአንድ ጊዜ ከቀላ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

ይህን ለመለየት አሁን ቀላል መለኪያ አለ። አልት-70 ይባላል። አንድ እግር ብቻ ከተያዘ 3 ነጥብ፣ ዕድሜ 70 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 2 ነጥብ፣ ነጭ የደም ሴል 10 ሺህና ከዚያ በላይ ከሆነ 1፣ የልብ ምት በደቂቃ 90ና ከዚያ በላይ ከሆነ 1። ድምሩ እስከ 2 ከሆነ ሴሉላይተስ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ ማከም ነው። መሀል ላይ ሲሆን የቆዳ ሐኪም ቢያየው ይመረጣል። ወጪ የለውም፣ ማሽን አይፈልግም።

ሐኪሙ ሲመጣ የሚያደርገው ነገር ቀላል ይመስላል። ካልሲ ያስወልቃል። ሁለቱንም እግር ጎን ለጎን ያስተያያል። በእጁ ጀርባ ሙቀቱን ይለካል። ጣቱን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ጉድጓድ ይቀር እንደሆነ ያያል። በጣቶች መካከል ገብቶ የእግር ፈንገስ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው የሚገባው በዚያ ስንጥቅ ነው። ከዚያ የመቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ ያሰምርና ሰዓቱን ይጽፋል። በነገራችን ላይ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ተጀምሮም በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት መቅላቱ ከመስመሩ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ብቻ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይቻልም።

ጉዳዩ የደም መልስ ከሆነ ህክምናው እግር ከፍ ማድረግ፣ የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ የሚቀባ ስቴሮይድና ጠበቅ ያለ ፋሻ ነው። ፋሻው ከመጠቅለሉ በፊት ግን ወደ እግር የሚወርደው ደም በቂ መሆኑ መታየት አለበት።

መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላ ሽፍታ ወጣብኝ። መፍራት ያለብኝ መቼ ነው?

አብዛኛው የመድኃኒት ሽፍታ ኩፍኝ የሚመስለው ዓይነት ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ደረትና ጀርባ ላይ ይጀምርና ወደ እጅና እግር ይወርዳል። ያሳክካል እንጂ አይገድልም። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ጥቂት ቀን ሊብስ ይችላል፤ ያ አያስደንግጥዎት። መድኃኒቱ ምትክ የሌለው ከሆነ ሐኪሞች አንዳንዴ እየተከታተሉ ይቀጥሉበታል።

አስፈሪው ሌላ ነው። ቆዳው ከማሳከክ ይልቅ ካመመ፣ እንደ ቃጠሎ ከለበለበ፣ አፍ ውስጥ ወይም ብልት ላይ ቁስል ከወጣ፣ ዓይን ከቀላና ከቆረቆረ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ከታየ፣ ፊትና ጆሮ ካበጠ፣ ትኩሳት ከተጨመረ፣ ያኔ "ነገ ይታያል" የሚባል ነገር የለም። ሌሊትም ቢሆን ነርስ ይጥሩ። አስታማሚም ከሆኑ ያፋጥጡ፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

የትኛው መድኃኒት እንዳመጣው እንዴት ይታወቃል? እኔ አሥር ዓይነት እወስዳለሁ።

በደም ምርመራ የሚታወቅ ይመስላል አይደል? አይደለም። እስካሁን ዋናው መሣሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው።

ሐኪሙ በግራ በኩል መድኃኒቶቹን ከላይ ወደ ታች ይጽፋል። ከላይ ቀኖቹን ይደረድራል። እያንዳንዱ መድኃኒት ከተጀመረበት እስከ ቆመበት ቀን መስመር ይሰመርለታል። ሽፍታው የወጣበት ቀን ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ይወርዳል። ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ሽፍታው ተራው ዓይነት ከሆነ ከአንድ ሁለት ሳምንት በፊት የተጀመረውን ይጠረጥራል። ብብትና ብሽሽት ላይ ጥቃቅን መግል የቋጠሩ ነጠብጣቦች በብዛት ከወጡ ያለፉትን አንድ ሁለት ቀናት ያያል፤ ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ ነው። ፊት ያበጠበት፣ ጉበት የተነካበትና ኢዮሲኖፊል የሚባለው የደም ሴል የጨመረበት ድሬስ የሚባለው በሽታ ከሆነ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ወደ ኋላ ይሄዳል። ቆዳ የሚላጥበት ስቲቨንስ-ጆንሰን ከሆነ ከ4 ቀን እስከ 4 ሳምንት።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ስህተት የሚሠራው። ትናንት የተሰጠ አንቲባዮቲክ ይከሰሳል፣ ከወር በፊት የተጀመረው የሪህ መድኃኒት አሎፑሪኖል በሰላም ይቀጥላል። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ የሚወስዱትን፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዙትንና ባህላዊ መድኃኒቱንም ሳይቀር መናገር ያለብዎት። ማንም አይቆጣዎትም። ቢቆጣዎትም ይናገሩ።

ቆዳ የሚላጥበት በሽታ እውነት እንደ ቃጠሎ ነው? ህክምናውስ ተለውጧል?

አዎ፣ ታካሚው የሚያጣው የቆዳ መጠን ከከባድ ቃጠሎ ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። ከሰውነት ቆዳ ከመቶ 10 በታች ከተላጠ ስቲቨንስ-ጆንሰን ሲንድረም ይባላል። ከ30 በላይ ከሆነ ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ፣ በአጭሩ ቴን። መሀሉ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ቴን ከሚይዛቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ሊሞቱ ይችላሉ። አዘውትረው የሚጠረጠሩት አሎፑሪኖል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ላሞትሪጂን፣ ሰልፋ ያለባቸው አንቲባዮቲኮችና የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኔቪራፒን ናቸው።

የመጀመሪያው ህክምና ጥፋተኛውን መድኃኒት በዚያው ሰዓት ማቆም ነው። ይህ አልተቀየረም። የተቀየረው እንክብካቤው ነው። ያ የ2020 መመሪያ ከሚላቸው ነገሮች አንዱ የላላውን ቆዳ አትላጡት የሚል ነው። ድሮ እንደ ቃጠሎ እየተላጠ ይጸዳ ነበር። አሁን በብዙ ቦታ የራሱ ቆዳ እንደ ፋሻ ሆኖ እንዲሸፍነው ይተዋል። የቋጠረው ውሃ በንጹህ መርፌ ይፈስሳል፣ ላዩ ላይ ቫዝሊን በብዛት ይቀባል፣ የማይጣበቅ ጨርቅ ይደረግበታል። ፕላስተር በቆዳው ላይ በቀጥታ አይለጠፍም፤ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይመጣል። የግሉኮሱ ቱቦ ሳይቀር በፋሻ ጥቅል ነው የሚያዘው። ክፍሉ ይሞቃል፤ ቆዳ የሌለው ሰው ሙቀት መያዝ አይችልምና። ለዚህ ሁሉ የለመደ ነርስ ያስፈልጋል። ጥሩ ነርስ ያለበት ክፍልና የሌለበት ክፍል ውጤታቸው አይገናኝም።

ዓይን ለብቻው መጠቀስ አለበት። የዓይን ሐኪም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ማየት አለበት። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ከእንግዴ ልጅ የሚወሰድ ስስ ሽፋን በዓይኑ ላይ ይደረጋል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተሠራ የብዙ ሰው ዓይን ይተርፋል። ከዘገየ ቆዳው ድኖ ዓይኑ ተጎድቶ ሊቀር ይችላል።

መድኃኒትን በተመለከተ ለብዙ ዓመት ክርክር ብቻ ነበር። አሁን የሰውነትን መከላከያ የሚያበርዱት ሳይክሎስፖሪንና ኢታነርሴፕት በየቦታው ይሞከራሉ። በ2018 ታይዋን ውስጥ የተሠራ ጥናት ኢታነርሴፕት የተሰጣቸው ሰዎች ቆዳ በአማካኝ ግምት በ14 ቀን፣ ስቴሮይድ የተሰጣቸው ደግሞ በ19 ቀን መዳኑን አሳይቷል። ከሁሉም ይበልጥ የሚያጓጓው ግን በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ነው። ጀርመን የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የባዮኬሚስትሪ ተቋም ተመራማሪዎችና ተባባሪዎቻቸው ከታካሚዎች የተወሰደ ቆዳ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ሴል በሴል ተመለከቱ። ጃክ በሚባለው የምልክት መስመር ላይ ከፍተኛ እሳት ነዶ አገኙ። ያንን መስመር የሚዘጉ መድኃኒቶች ደግሞ ለሌሎች በሽታዎች ቀድሞውኑ ይሸጣሉ። ቻይና ውስጥ ለ7 ታካሚዎች ተሰጡ፤ ሰባቱም ዳኑ። ሰባት ሰው ጥቂት ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም። ስለዚህ ሐኪምዎ ይህን ካልሰጠዎት አላወቀም ማለት አይደለም።

መድኃኒቱን ከመጀመሬ በፊት ይህ እንደሚደርስብኝ በምርመራ ማወቅ ይቻላል?

ለአንዳንዶቹ ይቻላል። በ2004 የታይዋን ተመራማሪዎች ካርባማዜፒን ስቲቨንስ-ጆንሰን ያመጣባቸው ሰዎች ኤችኤልኤ-ቢ 15:02 የሚባል የዘር ምልክት እንዳላቸው አገኙ። ምልክቱ በምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ይበዛል። ቀጥሎ ወደ 4,900 የሚጠጉ ሰዎች መድኃኒቱን ከመውሰዳቸው በፊት ተመረመሩ፣ ምልክቱ ያለባቸው ሌላ መድኃኒት ተሰጣቸው። በ2011 ውጤቱ ሲታተም ስቲቨንስ-ጆንሰን የያዘው አንድም ሰው አልነበረም። ለአሎፑሪኖል ቢ 58:01፣ ለኤችአይቪ መድኃኒቱ አባካቪር ደግሞ ቢ 57:01 አለ። በ2019 ቫንኮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለሚያመጣው ድሬስ ኤ 32:01 ተጨመረ።

ምርመራው ሁሉም ቦታ የለም፣ ለሁሉም ሰውም አይታዘዝም። የአባካቪሩ ግን ዛሬ የተለመደ አሠራር ሆኗል።

ካርዴ ላይ "የፔኒሲሊን አለርጂ" ተብሎ ተጽፏል። ለዘላለም ነው?

ላይሆን ይችላል። ይህ ማኅተም ካለባቸው ሰዎች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት በትክክል ሲመረመሩ ፔኒሲሊን መውሰድ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ በልጅነት የወጣ የቫይረስ ሽፍታ በአንቲባዮቲኩ ተሳብቦ ካርድ ላይ ቀርቶ ነው። ውጤቱ ቀላል አይደለም፦ ውድና ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ይሰጥዎታል፣ አንጀትም ይረብሻል።

በ2020 የወጣው ፔን-ፋስት የተሰኘ አጭር መጠይቅ ስጋቱ ዝቅተኛ የሆነውን ሰው ይለያል። በ2023 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው ሰው የቆዳ ምርመራ ሳያስፈልገው በክትትል ሥር አንድ መጠን በአፉ ወስዶ መሞከር እንደሚችል አሳይቷል። ይህ የሚሠራው ግን ለቀላል ታሪክ ነው። ያኔ ቆዳዎ ተልጦ ወይም አፍዎ ቆስሎ ከነበረ አይሞከርም፤ ማኅተሙም ይቆይ።

ቆዳዬ ጠቆር ያለ ነው። ሐኪሙ "መቅላት አላየሁም" አለኝ።

ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቆጣ ሁልጊዜ ቀይ አይሆንም። ወይን ጠጅ፣ ደብዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ሊመስል ይችላል። የህክምና መጻሕፍት ሥዕሎች ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ስለነበሩ ብዙ ሐኪም ዓይኑ የለመደው ያንን ነው። በደንብ የሚያይ ሰው መብራቱን ያስተካክላል፣ ይዳስሳል፣ ሙቀትና ጥንካሬ ያነጻጽራል፣ የዓይን ቆብ ውስጡንና አፍን ያያል። እርስዎም "የወትሮው ቀለሜ ይህ አይደለም" ይበሉ። ያልታመመ ጊዜ የተነሳ ፎቶ ስልክዎ ላይ ካለ ያሳዩ፤ በጣም ይጠቅማል።

ባዮፕሲ፣ ማለትም ከቆዳ ናሙና መውሰድ፣ ያማል?

ማደንዘዣው ሲገባ ይቆነጥጣል። ከዚያ የሚሰማዎት መገፋት ብቻ ነው። የሚወሰደው ብዙ ጊዜ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁራጭ ሲሆን በአንድ ሁለት ስፌት ይዘጋል። ቴን ሲጠረጠር ናሙናውን በፍጥነት አቀዝቅዞ በዚያው ቀን ማየት ይቻላል።

ቁስሌ በፍጥነት እየሰፋ ነው። አንዱ ሐኪም ይቆረጥ ይላል፣ ሌላው አይነካ ይላል። ማንን ልስማ?

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ የሚችሉበት ከባድ ጥያቄ ነው። ሥጋ የሚበላው ኢንፌክሽን፣ ኔክሮታይዚንግ ፋሻይተስ፣ በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ጥገና ካልተጠረገ ይገድላል። ምልክቱ ቆዳው ላይ ከሚታየው የማይመጣጠን ኃይለኛ ህመም ነው። ፓዮደርማ ጋንግሬኖሰም የሚባለው ደግሞ ኢንፌክሽን አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ ያመጣው ቁስል ነው። ይህኛው ቢላ በነካው ቁጥር ይሰፋል። መድኃኒቱ ስቴሮይድና መሰሎቹ ናቸው።

ሁለቱ መጀመሪያ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስጋቱ ኔክሮታይዚንግ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ አይጠብቅም፣ መጠበቅም የለበትም። ነገር ግን ተቆርጦ ተቆርጦ ቁስሉ እየሰፋ፣ ከናሙናውም ባክቴሪያ እየጠፋ ከሄደ የቆዳ ሐኪም አልጋው አጠገብ መገኘት አለበት። በዚህ ስህተት እግር የተቆረጠባቸው ሰዎች አሉ።

ውሃ ወይም መግል ለሚቋጥሩ ከባድ የቆዳ በሽታዎች ምን አዲስ መድኃኒት አለ?

እዚህ መስክ ላይ እውነተኛ ለውጥ አለ። መላ ሰውነትን በመግል የሚሸፍነው የሶሪያሲስ ዓይነት ትኩሳት አስይዞ አልጋ ላይ የሚጥል ነው። መነሻው አይኤል-36 የሚባል የሰውነት መከላከያ መልእክተኛ መሆኑ ሲታወቅ እሱን የሚዘጋ ስፔሶሊማብ የተሰኘ መድኃኒት መጣ፤ በ2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በአንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። በጥናቱ ከሳምንት በኋላ ከወሰዱት ከመቶ 54ቱ ላይ የሚታይ መግል አልነበረም፤ ማስመሰያ ከተሰጣቸው ከመቶ 6ቱ ብቻ ነበሩ እንዲህ የሆኑት።

ቆዳና አፍ ላይ ውሃ የሚቋጥረው ፔምፊገስ በአንድ ወቅት ገዳይ ነበር፣ ከዚያ ከፍተኛ ስቴሮይድ መጣና ሰውን ከበሽታው አድኖ በጎንዮሽ ጉዳት ያሰቃይ ጀመር። ሪቱክሲማብ ለዚህ በሽታ አሜሪካ ውስጥ በ2018 ከተፈቀደ ወዲህ ብዙዎች ስቴሮይዱን ጨርሶ ማቆም ችለዋል። ለአረጋውያን የሚይዘው ሌላው ውሃ ቋጣሪ በሽታ፣ ቡለስ ፔምፊጎይድ፣ ደግሞ እዚያው አሜሪካ በ2025 ዱፒሉማብ ተፈቅዶለታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ ይህን በሽታ ከሚቀሰቅሱት ውስጥ ግሊፕቲን የሚባሉት የስኳር ክኒኖች አሉበት። አዲስ መርፌ ከመታዘዙ በፊት የክኒኑን ዝርዝር ማየት ይቀድማል።

ለካንሰር የምወስደው መድኃኒት ቆዳዬን አበላሸው። ማቆም አለብኝ?

በራስዎ አያቁሙ። የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሱት አዲሶቹ የካንሰር መድኃኒቶች ሽፍታና ማሳከክ ያበዛሉ። አብዛኛው በሚቀባ መድኃኒት ይያዛል፣ የካንሰሩ ህክምናም ይቀጥላል። ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር የታመመ ሰው በህክምናው ጊዜ ለምጽ ቢወጣበት ህክምናው እየሠራ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። የቆዳ ሐኪሙ ትልቁ ሥራ የካንሰር ሐኪሙ ያለ በቂ ምክንያት ሕይወት አድን መድኃኒት እንዳያቆም መርዳት ነው። አፍ ከቆሰለ ወይም ቆዳ ከላላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለምሳሌ ለፊኛ ካንሰር የሚሰጠው ኢንፎርቱማብ ቬዶቲን ስቲቨንስ-ጆንሰንን ስለሚያመጣ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል።

ቆዳ ላይ የወጣ ነገር የውስጥ በሽታን ያሳያል?

ብዙ ጊዜ። መረብ የመሰለ ወይን ጠጅ ምልክት የደም ሥር መዘጋትን ሊያሳይ ይችላል፤ ያ ከሆነ አስቸኳይ ነው። ከሁሉም የሚገርመው በ2020 የታወቀው ቬክሳስ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ለዓመታት ትኩሳት፣ የሚያም የቆዳ እብጠት፣ የጆሮ ልም አጥንት መቆጣትና የደም ማነስ እየተፈራረቀባቸው ከክፍል ክፍል ሲንከራተቱ ኖረዋል። መንስኤው ከተወለዱ በኋላ መቅኒያቸው ውስጥ የተፈጠረ የዩቢኤ1 ጂን ለውጥ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የተገለጹት 25 ወንዶች ነበሩ። አሁን በደም ምርመራ ይለያል።

ጀርባዬ ሥር ቁስል እየጀመረ ነው። የአልጋ ቁስል የቆዳ ሐኪም ጉዳይ ነው?

ከሐኪም በላይ የነርስና የአስታማሚ ጉዳይ ነው። ዛሬ የሚመከረው ጥሩ ፍራሽ፣ በየጊዜው ማገላበጥ፣ በቂ ምግብና ከወገብ በታች ባለው የጀርባ አጥንት ጫፍ ላይ ቀድሞ የሚለጠፍ ስፖንጅ መሰል የሲሊኮን ሽፋን ነው። የቀላውን ቦታ ማሸት ይቅር፤ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። መሀሉ ክፍት የሆነው የቀለበት ትራስም አይመከርም። ብዙ ሰው የሚረሳው የኦክሲጅን ቱቦ ከጆሮ ጀርባ፣ ማስኩ ደግሞ አፍንጫ ላይ የሚያደርሰው ቁስል ነው። በየቀኑ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው።

ሽፍታዬ ወደ ጠያቂዎቼ ይተላለፋል?

የመድኃኒት ሽፍታ አይተላለፍም። እከክ ይተላለፋል፤ በተለይ መከላከያቸው በደከመ ሰዎች ላይ ቅርፊት የሚሠራው ዓይነት ዋርድ ሙሉ ሊያዳርስ ይችላል። አልማዝ ባለጭራ ደግሞ ጉድፍ ይዞት ለማያውቅ ሰው ጉድፍን ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ስለዚህ ቁስሉ ይሸፈናል።

ሆስፒታላችን የቆዳ ሐኪም የለውም። በፎቶ ማሳየት ይሠራል?

ይሠራል፣ በተለይ ማን አስቸኳይ እንደሆነ ለመለየት። ግን ፎቶው ፎቶ መሆን አለበት። አንድ ከራቅ ብሎ፣ አንድ ከቅርብ፣ አንድ ከጎን፣ በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተደርጎ። አፍና ዓይን አይረሱም። የመድኃኒቱ የቀን ሰንጠረዥ አብሮ ካልተላከ ፎቶው ግማሽ መረጃ ነው። ፎቶው የታካሚው ስለሆነ ፈቃዱ ይጠየቅ፣ ሆስፒታሉ በሚጠቀምበት መንገድም ይላክ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ? በ2022 የታተመ ጥናት በወቅቱ የነበሩት ፕሮግራሞች ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሲሞከሩ ብቃታቸው መቀነሱን አሳይቷል። ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ የተሠለጠኑት በአንድ ነጠላ ነጠብጣብ ወይም ዕጢ ፎቶ ነው። ዋርድ ውስጥ ያለው ሰው መላ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ፣ ትኩሳት ይዞት፣ አሥር መድኃኒት እየወሰደ ነው። ለአሁኑ ለመጨረሻ ውሳኔ አላምነውም።

ስወጣ ምን ይዤ ልውጣ?

ምክንያት የሆነውን መድኃኒት ስም በጽሑፍ። "የመድኃኒት አለርጂ" የሚል ብቻ አይበቃም፤ የመድኃኒቱ ስም፣ የሽፍታው ዓይነትና ዓመቱ ይጻፍ። ቦርሳዎ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ስልክዎ ላይም ፎቶ አንስተው ይያዙት። ተዛማጅ የሆኑ መከልከል ያለባቸው መድኃኒቶች ካሉ ይጠይቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ በተለይ፤ ከፌኒቶይንና ከካርባማዜፒን አንዱ ያልተስማማው ሰው ሌላውም ላይስማማው ይችላል።

ድሬስ ከነበረብዎ ስቴሮይዱ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው። በአንዴ ካቆሙት በሽታው ያገረሻል። ከዳኑ በኋላም በቀጣዮቹ ወራት የታይሮይድና የስኳር ምርመራ ያስፈልግዎታል፤ ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት አለና። ስቲቨንስ-ጆንሰን ከነበረ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ሳይያዝልዎት ከዋርዱ አይውጡ።